ጥያቄ፦ ውሃ በሚጠፋበት ግቢ መኪናዬን እንዴት ልጠብ?

የጠያቂያችን መልእክት ባጭሩ እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ ሰላም ነዎት? የምኖረው ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ ነው። ያገለገለች ጥቁር ሰማያዊ ቪትዝ ገዝቻለሁ። ስገዛት ታበራ ነበር። አሁን ፀሐይ ሲያርፍባት ላይዋ በሙሉ ክብ ክብ ጭረት ነው። ጠዋት ጠዋት አቧራዋን በጨርቅ እጠርጋለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ላቫጆ እወስዳታለሁ። አንዱ ጓደኛዬ ቤትህ በኦሞ እጠባት ይለኛል። ሌላው ፖሊሽ አስደርጋት ይላል። ቧንቧ ደግሞ እንደሚያውቁት ነው፤ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይጠፋል። እቤት ማጠብ እችላለሁ? በምን ልጠባት? ፖሊሹስ?»

ሰላም ወንድሜ። መልሱን ከላይ ላስቀምጥልህ። እቤትህ ማጠብ ትችላለህ፤ ያውም በሁለት ጀሪካን ውሃ። ኦሞው ይቅር። ፖሊሹ ይቆይ። ከሁሉ በፊት ግን ያቺን የጠዋት ጨርቅ ጣላት። ላቫጆውም ከደሙ ንጹሕ ነው አልልህም፤ ዋናዋ ጥፋተኛ ግን እሷ ናት።

ለምን መሰለህ? የመኪና ቀለም አንድ ድርብ ብቻ አይደለም። ብረቱ ላይ አንቲረስት የሚባለው ዝገት ተከላካይ ቀለም አለ። ከዚያ ሰማያዊው ቀለም ይመጣል። ከሁሉም በላይ ክሊር የምንለው ቀለም የሌለው ልባስ አለ። የሚያበራው እሱ ነው። የፋብሪካ ክሊር ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን አካባቢ ነው። አንድ ማይክሮን ማለት የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። አቧራ ውስጥ ደግሞ ደቃቅ አሸዋ አለ፤ አሸዋ ከክሊር እጅግ ይጠነክራል። ደረቅ ጨርቅ ይዘህ ኮፈኑን ስትጠርግ የሚጭረው ጨርቁ አይደለም፤ ጨርቁ ስር የገባው አሸዋ ነው። ጨርቅህ ሐር ቢሆንም ያው ነው።

ጭረቱ ክብ መስሎህ ከሆነ ደግሞ ክብ አይደለም። በየአቅጣጫው የተሰመረ ነው። ፀሐይ ከመሃላቸው ብርሃን ወደ ዓይንህ የሚመልሱትን ብቻ ስለምታሳይህ ነው በነጸብራቋ ዙሪያ ክብ የሚሠሩት። ማታ የስልክህን መብራት አብራና ኮፈኑ ላይ አንቀሳቅሰው። ክቡ መብራቱን ተከትሎ ሲሄድ ታያለህ። ነጭና ብርማ መኪኖችም ይህ ሁሉ ጭረት አለባቸው፤ አይታይባቸውም እንጂ። ጥቁር ሰማያዊ የገዛ ሰው ሥራም አብሮ ገዝቷል።

«ታዲያ የጠዋቱን አቧራ ምን ላድርገው?» ትለኝ ይሆናል። ተወው። አቧራ ዝም ብሎ ተቀምጦ ቀለም አይጎዳም። የፊትና የኋላ መስታወቱን፣ ስፖኪዮውንና መብራቶቹን በውሃ አርጥበህ አጽዳ፣ ከዚያ ሥራህ ሂድ። ቆሻሻ መኪና ይዞ ፒያሳ መውጣት የሚያሳፍርህ ከሆነ፣ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ድረስ ሁሉም ሰው አቧራ ለብሶ ነው የሚወጣው።

አሁን ወደ ማጠቡ። ሁለት ጀሪካን ማለት 40 ሊትር ነው። ለቪትዝ ይበቃል፤ ከተከፋፈለ ብቻ። ቧንቧ ሲመጣ ጎማ ሰክተህ ብትለቀው ይህን ያህል ውሃ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መሬት ይጠጣዋል። የአንገረብ ግድብ በደለል እየተቸገረ፣ ሰው ውሃ በወረፋ እየቀዳ፣ ጎማ ለቆ መኪና ማጠብ ከጎረቤትም ያጣላል።

ክፍፍሉ እንዲህ ይሁን። 12 ሊትር ለመጀመሪያው ማርጠቢያ። 8 ሊትር ከሻምፖ ጋር አንድ ባልዲ ውስጥ። 8 ሊትር ንጹሕ ውሃ ሌላ ባልዲ ውስጥ። የቀረው 12 ሊትር ለመጨረሻው ማለቅለቂያ። ሁለተኛው ባልዲ ለምን እንዳስፈለገ አሁን ታየዋለህ።

ውሃውን በጣሳ ከደፋኸው ግን ያልቅብሃል። መርጫ ያስፈልግሃል። እኔ የማዘው ገበሬዎች ፀረ ተባይ የሚረጩበትን የጀርባ መርጫ ነው፤ 16 ሊትር የሚይዘውን። የእርሻ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ዘንድ ታገኘዋለህ። አዲስ ይሁን፤ መድኃኒት የነካውን እንዳትበደር። በእጅ እየተነፋ ደቃቅ ውሃ ይረጫል፣ መብራት ቢጠፋም አይጠፋም። ከውድ የግፊት ማጠቢያ ይልቅ ለጎንደር ግቢ እሱን እመርጣለሁ።

ሰዓቱን ምረጥ። ወይ ጠዋት ከሁለት ሰዓት በፊት፣ ወይ ከ11 ሰዓት በኋላ። ጥላ ካለ ጥላ ውስጥ። ኮፈኑን በእጅህ ጀርባ ንካው፤ ከሞቀ ይቆይ። በጋለ ብረት ላይ ሻምፖም ውሃም ቶሎ ደርቆ ምልክቱን ትቶ ይቀራል።

መጀመሪያ ከጣሪያው ጀምረህ እርጭ። አትንካት። አምስት ደቂቃ ያህል ጠብቅ፣ ግን እንዳትደርቅ ተመልከት። እንደገና እርጭ። ይቺ የመጀመሪያ እርጭት ከሥራው ሁሉ ትበልጣለች። አሸዋው ከመነካቱ በፊት ይለሰልሳል፣ አብዛኛው በራሱ ጊዜ ይወርዳል። ብዙ ሰው ይህን ዘሎ በቀጥታ በስፖንጅ መፈተግ ይጀምራል። ችግሩ ሁሉ የሚመጣው ከዚያ ነው።

በክረምት ከሆነ ጥበቃው ይርዘም። በተለይ ከአዘዞ ወዲያ ወደ ደምቢያ ገጠር ገብተህ ከተመለስክ። ያን ጥቁር ዋልካ ታውቀዋለህ፤ እርጥብ ሲሆን ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ሲሚንቶ ይሆናል። በጥፍር እንዳትፍቀው። አርጥበው፣ ሻይህን ጠጣ፣ ተመልሰህ አርጥበው። ፓራፋንጎው ውስጥ፣ ማለትም ጎማውን ከላይ በሚሸፍነው ብረት ስር የተጠቀጠቀውን ግን እንዳታሳድር። እርጥበት ይዞ ይቀመጥና ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል። ዝገት የሚጀምረው ከማይታየው ቦታ ነው።

ማጠቢያው ነገር ላይ ሰው ሁሉ ስፖንጅ ይገዛል። ስፖንጅ ፊቱ ጠፍጣፋ ነው፤ አሸዋውን ከቀለሙ ጋር አጣብቆ ይዞ ይጎትተዋል። ጸጉር ያለው ነገር ይሻላል፤ አሸዋው ጸጉሩ ውስጥ ይሰምጥለታል። የማይክሮፋይበር ጓንት ካገኘህ ጥሩ። ካላገኘህ አጎዛ አታጣም። ንጹሕ የበግ አጎዛ፣ በሻምፖ ታጥቦ፣ ተበጥሮ፣ እጅ በሚያስገባ መጠን ተቆርጦ ይሰፋ። የቆዳው ጠርዝ ወደ ውስጥ ይግባ፤ የደረቀ ቆዳ ይጭራል። ውጭ አገር በውድ የሚሸጠው የማጠቢያ ጓንት ይኸው የበግ ጸጉር ነው። የፍየል አይሆንም፤ ጸጉሩ ደረቅ ነው።

አጎዛውን ሻምፖ ውስጥ ንከር፣ ጣሪያውን በቀጥታ መስመር ሳትጫን እጠብ። እያሽከረከርክ አትሽ። ከጣሪያው ወደ መስታወት፣ ኮፈን፣ በሮች፣ መጨረሻ ላይ ፓራውልትና የበሮቹ ግርጌ። አንድ ክፍል በጨረስክ ቁጥር አጎዛውን መጀመሪያ ንጹሕ ውሃው ውስጥ እሽት አድርገህ አጥራ፣ ከዚያ ብቻ ወደ ሻምፖው መልሰው። ስትጨርስ የሁለተኛውን ባልዲ ታች ተመልከት። እዚያ የተጠራቀመው አሸዋ በአንድ ባልዲ ብትሠራ ኖሮ ተመልሶ ቀለምህ ላይ ይፈተግ ነበር።

ሻምፖው ምን ይሁን? የመኪና ሻምፖ ከተገኘ እሱ ነው። ካልተገኘ ጥቂት የጸጉር ሻምፖ ያሠራሃል። ላርጎ ቅባት አንሺ ነው፤ ቀለም አያበላሽም፣ ግን የቀባኸውን ሰም ይዞት ይሄዳል። አንዳንዴ፣ ጥቂት ጠብታ ከሆነ እለፈው። ኦሞ ግን አይሆንም። ያልሟሟ ቅንጣቱ ይፈትጋል፣ ለልብስ ተብሎ የተሠራ ኃይሉም ለጎማና ለላስቲክ ጠርዞች አይስማማም። በረኪና ከመኪና ጋር ምንም ጉዳይ የለውም። አንዳንዱ ጎማ ነጭ ለማድረግ ሲጠቀምበት አያለሁ። ተዉ።

ከዚያ በቀረው ውሃ አለቅልቅ። ማድረቂያህ ንጹሕ የማይክሮፋይበር ፎጣ ወይም ለስላሳ የጥጥ ፎጣ ይሁን። ፎጣውን ዘርግተህ አልብሳት፣ ቀስ ብለህ ሳብ። ፎጣው መሬት ከወደቀ ለዚያ ቀን ሥራው አበቃ፤ አራግፈህ እንዳትመልሰው። ዝም ብለህ በአየር እንድትደርቅ አትተዋት። የጉድጓድ ውሃ የምትጠቀም ከሆነ በተለይ። ኖራው ነጭ ነጠብጣብ ሆኖ ይቀራል። ከቀረ አቼቶና ውሃ እኩል አቀላቅለህ በጨርቅ ትንሽ ቦታ ላይ ያዝ፣ ወዲያው አለቅልቅ። ፀሐይ ላይ ግን አትሞክረው።

ቸርኬና ጎማውን መጨረሻ ላይ በባልዲዎቹ ትራፊ እጠብ። ውሃ የተረፈው ሰው ከእነሱ ቢጀምር ይሻላል። አንተ ግን ንጹሑን ውሃ ለቀለሙ ማዳን አለብህ። የቸርኬ ጨርቅ ለብቻው ይሁን። ከፍሬን ሸራ የሚወጣው ጥቁር ዱቄት የብረት ብናኝ አለበት፤ ወደ በሩ ይዘኸው ከተመለስክ የጠዋቷ ጨርቅ ተመለሰች ማለት ነው። ለጎማ ጥቁረት የተቃጠለ ዘይት ወይም ናፍጣ የሚቀቡ አሉ። ነዳጅ ጎማን ያሳብጣል፣ ያለሰልሳል። ግሊሰሪን በውሃ አቅጥነህ ቀባው፤ ከማንኛውም ሱቅ ይገኛል። ዝናብ ያጥበዋል፣ እሱ እውነት ነው። የበር ላስቲኮችንም በዚያው ብታለሰልሳቸው ደስ ይላቸዋል።

ቆሻሻው ሁሉ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። የማትተወው አለ። የወፍ ኩስ ሳያድር ይነሳ። አሲድ አለበት፣ ፀሐይ ሲያገኘው ክሊሩን ይበላል። ሶፍት በውሃ ነክረህ ላዩ ላይ አስቀምጥ፣ አሥር ደቂቃ ጠብቅ፣ ወደ ላይ አንሳው እንጂ አትሸው። ትልልቅ ዛፍ ስር ማቆም የሚወድ ሰው ሶፍት መኪናው ውስጥ አይለየው። ሬንጅ የተረጨበትን ቦታ በጨርቅ ጫፍ ትንሽ ነጭ ጋዝ አድርገህ አንሳ፣ ወዲያው በሻምፖ እጠበው። መኪናዋ ጋራዥ ውስጥ ተቀብታ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ የማይታይ ቦታ ላይ ሞክር። ለሰርግ የተለጠፈ ፕላስተርና ሪባን ደግሞ በማግስቱ ይላቀቅ። ሙሽሮቹ ጫጉላ ናቸው ብሎ ሳምንት ያቆየው ሰው ሙጫውን ከቀለሙ ጋር ነው የሚልጠው። ሙጫው ከቀረ የምግብ ዘይት ቀብተህ ጥቂት ብታቆየው ይለቃል፤ ከዚያ በሻምፖ።

አሁን ፖሊሹ። እዚህ ላይ ሰው ሁሉ ይደናገራል። ፖሊሽ ይቀንሳል፤ ሰም ይጨምራል። ፖሊሽ ማለት ጭረቱ እስኪጠፋ ድረስ በዙሪያው ያለውን ክሊር መፋቅ ነው። ከዚያች 40 ወይም 50 ማይክሮን ላይ ነው የሚቀነሰው፤ ተመልሶ አይበቅልም። ስለዚህ በየበዓሉ የሚደረግ ነገር አይደለም። አንዳንዱ ሱቅ «ፖሊሽ» ብሎ የሚሸጠው ደግሞ ጭረቱን በቅባት ሞልቶ የሚደብቅ ነው፤ ጥቂት እጥበት ሲያልፍ ጭረቱ ብቅ ይላል። በሞተር የሚሠራ ሰው ጋ ስትሄድ እጁን እየው። ፈጣን ማሽን ኮፈኑ ጠርዝ ላይ ቆም ካለ ክሊሩን አቃጥሎ ቀለሙ ጋ ይደርሳል። ጠርዞቹን በፕላስተር ሳይሸፍን የሚጀምርን ሰው እኔ አልሰጠውም።

ያንተ ቅደም ተከተል ይህ ነው። መጀመሪያ የአስተጣጠብ ልማድህን ቀይር። አለዚያ ዛሬ ብታስፖልሻት በወሩ ያው ነች። ልማዱ ከተስተካከለ በኋላ ደቃቅ ፖሊሽ ገዝተህ አንድ በር ላይ፣ መዳፍህ በሚያህል ቦታ፣ በነጭ ጨርቅ ሞክር። ጨርቁን ተመልከት። ሰማያዊ ከሆነ ቀለሙ ላይ ክሊር የለም፤ ወይ ቦታው ተቀብቷል፣ ወይ ክሊሩ አልቋል ማለት ነው። ያኔ ቆም በል፣ ባለሙያ ይየው። ጨርቁ ቀለም ካልያዘ የምትፍቀው ክሊሩን ነው፤ ቀስ ብለህ ቀጥል።

ከፖሊሽ በኋላ ሰም። ስስ አድርገህ፣ ታጥባና ደርቃ ሳለች። በየሁለት በየሦስት ወሩ ይበቃል። ውሃ ላዩ ላይ እንክብል ሆኖ መንከባለሉን ሲያቆም ሰሙ አልቋል ማለት ነው። ሰም ግን ፀሐይን ይከለክላል ብለህ እንዳትታለል። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ነች። አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ ወደ 10 በመቶ ይጨምራል። ለዚህ መድኃኒቱ ጥላ ነው። የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ማቆሚያ ከምርጥ ሰም ይበልጣል። ሸራ ማልበስ ካሰብክ ታጥባ ደርቃ ብቻ። አቧራ የያዘች መኪና ላይ ሸራ ካለበስክ ነፋሱ ሌሊቱን ሙሉ ሲፈትግልህ ያድራል።

አልጠየቅከኝም፣ ግን ያረጁ ቪትዞች ብዙዎቹ የፊት መብራታቸው ቢጫ ሆኗል። ያም የፀሐይ ሥራ ነው። የጥርስ ሳሙና ለጊዜው ያጠራዋል። በደንብ የሚሠራው ውሃ በነካ የብርጭቆ ወረቀት፣ ከ1,000 ጀምሮ በ2,000 ከዚያ በ3,000 ቁጥር ከተፈተገ በኋላ በፖሊሽ ሲያልቅ ነው። ላዩ ላይ ፀሐይ የሚከላከል ክሊር ካልተረጨ ግን ብዙ ሳይቆይ ቢጫው ይመለሳል።

ውስጡ ቀላል ነው። ምንጣፎቹን አውጥተህ አራግፍ፣ ወንበሩን በብሩሽ ወይም በቫኪዩም። ክሩስኮቱን በትንሹ በረጠበ ጨርቅ። የሚያብለጨልጭ ቅባት አትቀባው፤ መስታወቱ ላይ ነጸብራቅ ይሠራል። መሪውንና የፍሬን ፔዳሉን ደግሞ ምንም ቅባት አይንካቸው፤ ያንሸራትታል። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ወንበር ላይ የጧፍ ሰም ያንጠባጠቡ ልጆች ካሉህ ሰሙን በበረዶ አድርቀህ በፕላስቲክ ካርድ አንሳ። የቀረውን ወረቀት አልብሰህ ለብ ባለ ካውያ ያዝ፤ ወረቀቱ ይመጠዋል። ጨርቅ ወንበር ከሆነ ብቻ። ወንበሩን ውሃ አጠጥቶ ማጠብ ለጥቅምት ፀሐይ ይቆይ። በሐምሌ ያጠበ ሰው እስከ መስከረም በሻገተ ሽታ ይነዳል።

ሞተሩን በግፊት ውሃ አታስመታ። ቀዝቅዞ ሳለ በረጠበ ጨርቅና በብሩሽ ይበቃዋል። ዲናሞው፣ ፊውዝ ሳጥኑና የአየር መሳቢያው ውሃ አይወዱም። ባትሪው ጫፍ ላይ ነጭ ዱቄት ካየህ ሞተር አጥፍተህ ቤኪንግ ሶዳ በውሃ በጥብጠህ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እሸው፤ አጥራው፣ አድርቀው።

ታጥባ ስታልቅ ወዲያው ቁልቁለት አትውረድ። ፍሬኑ ረጥቧል። ደልዳላ ቦታ ላይ ቀስ እያልክ ጥቂት ጊዜ ርገጠው። ዲስኩ ላይ በማግስቱ ቀጭን ዝገት ብታይ አትደንግጥ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲረገጥ ይጠፋል።

ቀሃ ወንዝ ወስደህ ማጠብን ግን እንዳታስበው። ሳሙናውና ዘይቱ የሚወርደው ወንዝ ውስጥ ነው። የፋሲል መዋኛ ለጥምቀት የሚሞላው ከዚያው ከቀሃ ነው።

ላቫጆም ተው አልልህም። ጊዜ ሲጠፋ ትሄዳለህ። ስትሄድ ሦስት ነገር ንገራቸው። በመጀመሪያ ብዙ ውሃ ይርጩ፣ ከዚያ ያንተን አጎዛ ይጠቀሙ፤ ይዘህ ሂድ። ያገኙት ጨርቅ ከአንተ በፊት የአይሱዙ ቸርኬ ጠርጎ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ከስር ናፍጣ ወይም የተቃጠለ ዘይት አይርጩ፤ ጎሚኒዎቹን፣ ማለትም ከስር ያሉትን ላስቲኮች ያበላሻል፣ ፍሬን ዲስክ ላይ ካረፈ ደግሞ አደጋ ነው። ሦስተኛ፣ ቅባት ውስጧን አይነካም በላቸው። ልጆቹ ክፉዎች አይደሉም፤ ወረፋው ረጅም ስለሆነ ይቸኩላሉ። ጉርሻዋን ከመጀመራቸው በፊት ስጣቸው።